ማደንዘዣው ሲለቅ

በኦፕራሲዮን ለምትወልድ ሴት ወገቧ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ኦፕራሲዮኑ ራሱ፣ የሚያወሳስብ ነገር ካልገጠመ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በቀረው ጊዜ እናትየዋ ደህና ናት፤ ልጇን ታቅፋለች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፣ አጥሚት ከቤት ይመጣላታል። ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት የተሠራች ከሆነ ማደንዘዣው የሚለቃት ማታ 1 ሰዓት ግድም ነው። ጠያቂው ይወጣል፣ የቀኑ ተረኛ ለማታው ያስረክባል፣ እግሯ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሕመሙም ያን ጊዜ ይመጣል።

ካርዷ ላይ ማስታገሻ ታዟል። ትራማዶል ወይም ዲክሎፌናክ በመርፌ፣ ከጎኑ ደግሞ «ፒአርኤን»፤ ካስፈለገ ይሰጥ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር የለም። ግን «አስፈልጓል» የሚለው ማን ነው? ሴትየዋ ራሷ መናገር አለባት። እሷ ደግሞ ምጥ እንኳ በ«ማርያም ማርያም» ሲታለፍ እያየች ያደገች ናት፤ ልጇ በሰላም ከተወለደ በኋላ ሲስተርን ማስቸገር ያሳፍራታል። ጥርሷን ነክሳ ትቆይና ሲብስባት ለአስታማሚዋ ትነግራታለች። አስታማሚዋ ሲስተርን ፍለጋ ትወጣለች፤ ሲስተር ሌላ ክፍል ደም እየሰጠች ነው። መድኃኒቱ ዋርድ ውስጥ ካለቀ ማዘዣ ይጻፋል፣ ፋርማሲ ተሰልፎ ይገዛል፣ ስሪንጅ ተረስቶ እንደገና ይወረዳል። መርፌው ሲወጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ሥራ እስኪጀምር ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስላለው ሕመም የሕክምናው ዓለም የሚያውቀው ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ እውቀት ታማሚው አልጋ ድረስ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር፤ በእኛ ዋርዶች የሚጎድለው ከመድኃኒቱ ይልቅ ሰዓቱ ነው። የመድኃኒት እጥረት የለም ማለቴ አይደለም፤ እሱንም እናየዋለን።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን ውስጥ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም አንድ በሽተኛ ኤተር አሽትቶ አስተኛ፤ ቀዶ ሐኪሙም ሥራውን ሠራ። በ1898 ጀርመናዊው አውጉስት ቢር ወገብ ላይ የሚወጋውን ማደንዘዣ አስተዋወቀ። ቢላዋው ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ሕመም በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። ከስፌቱ በኋላ ያለው ግን ባለቤት አላገኘም። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ከበሽተኛው ራስጌ የማይነሳ አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ አለ፤ ሥራው ያ ብቻ ነው። በሽተኛው በቃሬዛ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ባለሙያው ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ይሄዳል። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን ይጠይቃል፣ ነርሷ ሙቀትና ደም ግፊት ትለካለች፤ ሕመሙ ግን የማንም የሥራ ድርሻ አይደለም።

«ቢያም ምን ይሆናል፣ ያልፋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐኪሞችም መካከል አለ። ነገር ግን ሆዱ የተከፈተ ሰው ሕመሙ ካልታገሠለት በረጅሙ አይተነፍስም፤ አክታውን ለማውጣት ማሳልንም ይፈራል። አክታው ሳንባው ውስጥ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይከተላል። ከአልጋ መውረድ ስለሚከብደው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ተነስቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ በሕመሙ ምክንያት የሚጨምረውን የልብ ምትና የደም ግፊት ላይችለው ይችላል። የወለደችው እናት ልጇን ለማጥባት ጎኗን ማዞር ያቅታታል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ሳይለቅ ሲቀር ነው። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌትና ባልደረቦቹ በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ዳሰሳ፣ እንደ ቡአ፣ ጡት፣ ደረትና እግር ቆረጣ ያሉ የተለመዱ ቀዶ ሕክምናዎች ከተደረገላቸው ሰዎች ከ10 እስከ 50 በመቶው የማይለቅ ሕመም እንደሚይዛቸው፣ ከ2 እስከ 10 በመቶው ላይ ደግሞ ሕመሙ ከባድ እንደሚሆን ጽፈዋል። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚጎዳ ነርቭ አንዱ ምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማ ኃይለኛ ሕመምም ለዚህ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። የመጀመሪያውን ሌሊት አቅልሎ ማየት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሕክምናው ራሱ ሕመምን በማመን ረገድ ያለው ታሪክ አያኮራም። እስከ 1980ዎቹ ድረስ፣ በሠለጠኑት አገሮች ጭምር፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ነርቫቸው ስላልበሰለ ሕመም በሚገባ አይሰማቸውም እየተባለ ከባድ ቀዶ ሕክምና ለስሙ ያህል ብቻ በሆነ ማደንዘዣ ይሠራላቸው ነበር። አናንድና ሂኪ በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን እምነት በማስረጃ ካፈረሱት በኋላ ነው አሠራሩ በስፋት የተቀየረው። መናገር የማይችል ሰው ሕመሙ እንደሌለ ይቆጠራል። ሕፃናቱ አልቻሉም፤ የእኛ ትልልቅ ሰዎች እየቻሉ አይናገሩም፤ ካርዱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ሌላው አስገራሚ ነገር የሕመሙ መጠን ከቁስሉ መጠን ጋር አለመሄዱ ነው። ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ በ1946 ባወጣው ጽሑፍ፣ ክፉኛ ከቆሰሉት መካከል ከአራት ሦስቱ ያህል ማስታገሻ እንደማይፈልጉ መናገራቸውን ዘገበ። ለወታደሩ ቁስሉ ከጦር ሜዳ መውጫው ነበር። በ1965 ሜልዛክና ዎል ሕመም ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት ሕብለ ሰረሰር ላይ ሊጠብም ሊሰፋም እንደሚችል፣ አንጎልም ከላይ ወደ ታች እንደሚቆጣጠረው የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ሲያቀርቡ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሳይንሳዊ ማብራሪያ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ ጥናት ለእኛ አገር ይበልጥ የሚጠቅመው በ1964 የታተመው የኤግበርትና የባልደረቦቹ ሥራ ይመስለኛል። ሆዳቸው ሊከፈት የተቀጠሩ 97 ሰዎችን በሁለት መደቧቸው። አንደኛው ቡድን እንደተለመደው ሄደ። ሁለተኛውን ቡድን የማደንዘዣ ሐኪሙ ዋዜማውን እየጎበኘ፣ የቱ ጋ እንደሚያማቸው፣ ምን ያህል እንደሚበረታ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የሆድ ጡንቻ ሲኮማተር እንዴት ማላላት እንደሚቻል፣ ከአልጋ ሲነሱ በየት በኩል እንደሚዞሩ አስረዳቸው፤ ካልቻሉም መድኃኒት እንዲጠይቁ ነገራቸው። ይኸው ነው። የተነገራቸው ሰዎች የወሰዱት ኃይለኛ ማስታገሻ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ከሆስፒታልም በአማካይ 2.7 ቀን ቀድመው ወጡ። ከሆስፒታል የሚያሰናብቷቸው ቀዶ ሐኪሞች ማን በየትኛው ቡድን እንዳለ አያውቁም ነበር። በእኛ ልማድ ዋዜማውን በሽተኛው የሚሰማው «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳትቀምስ» የሚለውን ነው፤ ሌላው ምክር ከአጎራባች አልጋ ይገኛል፣ እሱም ሁልጊዜ የሚያስፈራው ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ኬህሌትና ዳል በ1993 ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የብዙ መመሪያዎች መነሻ ሆኗል፦ ሕመምን በአንድ ኃይለኛ መድኃኒት ከመምታት ይልቅ በተለያየ መንገድ የሚሠሩ ጥቂት መድኃኒቶችን በየፊናቸው በአነስተኛ መጠን መስጠት። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ቁስሉ አካባቢ ያለውን ብግነት ይቀንሳሉ። ፓራሲታሞል በዋናነት በአንጎል በኩል ይሠራል። ቡፒቫኬይን ወይም ሊዶኬይን ስፌቱ ከመዘጋቱ በፊት የቁስሉ ጠርዝ ላይ ሲወጋ ነርቩ መልእክት እንዳይልክ ያደርጋል። ሞርፊን ከነዚህ ሁሉ ላልተበገረው ሕመም ይቀመጣል። በኢትዮጵያ በየሆስፒታሉ የሚገኘው ኬታሚንም ለማስተኛት ከሚሰጠው በጣም ባነሰ መጠን ማስታገሻ ይሆናል።

«ፓራሲታሞል ለኦፕራሲዮን? ቀልድ ነው» የሚል ሰው የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚመዝኑት የኮክሬን ዳሰሳዎች ያወጡትን ቁጥር ቢያይ ይገረማል። 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌንና 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አብረው ሲወሰዱ፣ ከሦስት ሰዎች ሁለቱ በባዶ ክኒን ሊያገኙት የማይችሉትን፣ ቢያንስ የሕመማቸውን ግማሽ የሚቀንስ እፎይታ ያገኛሉ። 60 ሚሊግራም ኮዴን ብቻውን ሲሰጥ ያንኑ እፎይታ የሚያገኘው ከ12 ሰው አንዱ ነው። እርግጥ ከነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት የመንጋጋ ጥርስ በተነቀለላቸው ጤነኛ ወጣቶች ላይ ነው፤ ጥርስና ሆድ አንድ አይደሉም። ቢሆንም የርካሾቹ ጥምረት መሠረት ሊሆን እንደሚገባ ዛሬ ክርክር የለም።

ልዩነቱን የሚያመጣው «ካስፈለገ» የሚለውን ትእዛዝ በ«በየ6 ሰዓቱ» መተካት ነው። ፓራሲታሞሉ በሽተኛው አመመኝ አለም አላለም፣ የመጀመሪያው መጠን ማደንዘዣው ሳይለቅ፣ ከዚያም በሰዓቱ ይሰጣል። «ካስፈለገ» የሚለው ለተጨማሪው፣ ለኃይለኛው መድኃኒት ይቀራል። ይህ ለአንድ ሆስፒታል አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ይለወጣል እንጂ። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ጋ ነው፦ ፓራሲታሞል ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም አያልፍም፣ ጉበቱ ለተጎዳ ደግሞ ይቀነሳል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አንድ ላይ አይሰጡም፤ ኩላሊቱ ለደከመ፣ ጨጓራው ለቆሰለ፣ ብዙ ደም ለፈሰሰው አይሆኑም። መዋጥ ለሚችል ሰው ደግሞ ክኒኑ እያለ መቀመጫው ላይ መውጋት ለምን እንደሚመረጥ ግልጽ አይደለም። መርፌ ካልተወጋ አልታከምኩም የሚለው እምነታችን ግን አለ።

ሞርፊን ሲነሳ አሜሪካ ትመጣለች። በ1980 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ያላት አጭር ደብዳቤ ወጣች፤ ሆስፒታል ተኝተው የሞርፊን ወገን መድኃኒቶች ከወሰዱ 11,882 ሰዎች መካከል ሱስ ያዛቸው ተብለው የተመዘገቡት 4 ብቻ ናቸው ትላለች። ደብዳቤዋ የምትናገረው በነርስ እጅ ለጥቂት ቀናት ስለሚሰጥ መድኃኒት ነበር፤ በኋላ ግን ለወራት ቤት ወስዶ ለመዋጥም ማስረጃ ተደርጋ በመቶዎች ጊዜ ተጠቀሰች። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሕመም ከሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከአተነፋፈስና ከደም ግፊት ቀጥሎ አምስተኛው መለኪያ ይሁን ተባለ፤ በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለው የዚሁ ወገን ክኒን ገበያ ላይ ዋለ። ቀጥሎ በእነዚህ መድኃኒቶች ሱስና ከልክ ያለፈ አወሳሰድ የመጣው እልቂት ይታወቃል። ለቡአ ኦፕራሲዮን የ30 ቀን ክኒን ተሰጥቶ ትርፉ መታጠቢያ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ የሚወስደው ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ዛሬ እዚያ ላሉ ወገኖቻችን የሚታዘዘው በጥቂት ክኒን የተወሰነ ነው።

የእኛ ወገን ችግር የዚያ ተቃራኒ ነው። ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳሰላው፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚሠራጨው 298.5 ሜትሪክ ቶን የሞርፊን ወገን መድኃኒት (በሞርፊን ልክ ተሰልቶ) ወደ ዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ሞርፊን ውድ ሆኖ አይደለም፤ ርካሽ ከሚባሉት ነው። በአደንዛዥ መድኃኒቶች ላይ የተደረገው የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት መግቢያው ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ እንደሚያስፈልጉ ይናገራል፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን ቁጥጥሩ ጎልቶ ወጣ። የተቆለፈ ሣጥን፣ ልዩ ማዘዣ፣ ፊርማ ላይ ፊርማ ሲበዛ ማታ ብቻዋን ተረኛ የሆነች ነርስ ወደዚያ ሣጥን ባትሄድ አይፈረድባትም። መተንፈስ ያቆምብኛል የሚለው ፍርሃትም አለ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ትንፋሽ ከመውረዱ በፊት በሽተኛው ሲጠሩት በቀላሉ የማይነቃ ዓይነት እንቅልፍ ውስጥ ይገባል፤ ያን የሚከታተል ሰውና ማርከሻው ናሎክሶን ካለ አደጋው ይያዛል። ሁለቱም ከሌሉ ፍርሃቱ ትክክል ነው።

ይህን ክፍተት የሞላው ትራማዶል ነው። በ1977 ጀርመን ገበያ ላይ የዋለው ይህ መድኃኒት በዓለም አቀፉ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስላልገባ እንደ ልብ ይታዘዛል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ በቀጥታ እኛን የሚመለከተው።

ትራማዶልም ኮዴንም ሥራቸውን በሙሉ ኃይል የሚሠሩት ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሌላ ቅመም ሲለውጣቸው ነው። ኢንዛይሙን የሚያሠራው ጂን በሰው ሁሉ ላይ እኩል አይደለም። እሌኒ አክሊሉ የተባሉት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አገኙ። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ የሚታየው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን በፍጥነትና በብዛት ይለውጠዋል፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ ሊበዛበት ይችላል። ጂኑ ለማይሠራለት ሰው ደግሞ ያው መርፌ ብዙም አይረዳውም፤ «አሁንም ያመኛል» ሲል ግን ሱሰኛ ወይም ቅብጥብጥ ይመስላል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 ያወጡት ጥናት ሌላ ነገር ጨመረበት፦ አንድ ዓይነት ጂን ያላቸው ኢትዮጵያውያን ሲነጻጸሩ፣ አገር ቤት ያሉት ላይ ኢንዛይሙ ስዊድን ካሉት ቀስ ብሎ ይሠራል። ምግብም ይሁን ሌላ፣ አካባቢው የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው። ስለዚህ የአንዱን ሰው ምላሽ አስቀድሞ መተንበይ አይቻልም፤ ከሰጡ በኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ቶንሲል የወጣላቸው ልጆች ላይ የደረሰውን ሞት አይቶ ስለ ኮዴን አስጠነቀቀ፤ በ2017 ደግሞ ኮዴንም ትራማዶልም ከ12 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጡ፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንደማይመከሩ አስታወቀ። አንዳንድ የማህፀንና የጡት ማጥባት ሐኪሞች ማኅበራት ይህን የመጨረሻውን እንደ ጥብቅ ክልከላ አይቀበሉትም፤ አማራጭ የሌላት እናት ለአጭር ጊዜ በአነስተኛ መጠን ብትወስድ፣ ሕፃኑ ከልክ በላይ እንዳይተኛ፣ መጥባት እንዳይደክም፣ አተነፋፈሱም እንዳይለወጥ እየታየ ይሁን ይላሉ። በኦፕራሲዮን የወለደች ኢትዮጵያዊትን ግን ማስጠንቀቂያው በሁለት በኩል ይመለከታታል፦ ታጠባለች፣ ተጨማሪው ጂን ከሚበዛበት ሕዝብም ናት። ስለ ትራማዶል በየዋርዱ የሚደረገው ውይይት ከዚህ አለመጀመሩ ይገርመኛል። ለዚህች እናት ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በሰዓት መስጠት፣ ቁስሉ ላይ ቡፒቫኬይን መውጋት፣ መከታተል በሚቻልበት ቦታም ወገብ ላይ ከማደንዘዣው ጋር ጥቂት ሞርፊን መጨመር (እስከ አንድ ቀን ያህል ያስታግሳል፣ ያሳክካል ግን) ትራማዶሉን ወደ ኋላ ይገፋዋል።

 

ጤና ሚኒስቴር ከአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ጋር ባካሄደው ከሕመም ነፃ የሆስፒታል ፕሮግራም፣ ሕመም ከ0 እስከ 10 በቁጥር ተጠይቆ እንዲመዘገብ ተሞክሯል። ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ካልተጨመረበት ቁጥሩ ለቁጥር ብቻ ይሆናል። አንደኛ፣ የሚጠየቀው ሰው ተኝቶ ሳለ ከሆነ 2 ይላል፤ ሳል፣ ተነስተህ ተቀመጥ ሲባል 8 ይሆናል። ለሳንባውም ለደሙም የሚጠቅመው ሁለተኛውን ማወቅ ነው። ሁለተኛ፣ 8 ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ ምን እንደሚደረግ ያልተወሰነ ከሆነ ነርሷ መዝጋቢ ብቻ ናት። ቁጥር ግራ የሚያጋባቸው አረጋውያንም አሉ፤ «ትንሽ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ አልቻልኩትም» ከሚሉት አንዱን ቢመርጡ ይበቃል። የአባወራውን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ደግሞ እንደ መልስ አለመቁጠር ይሻላል፤ ሰላምታ ነው።

ቀዶ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ክርክር ቀርቷል፦ ማስታገሻ ችግር ይሸፍናል ይላሉ። እምነቱ የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ዛካሪ ኮፕ በ1921 ስለ ድንገተኛ የሆድ ሕመም በጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ ምርመራ ሳይጠናቀቅ ሞርፊን መስጠትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን ሕመሙ የታገሠለት ሰው ላይ የምርመራ ስህተት በረከተ አላሉም፤ እንዲያውም ሆዱን ሳይወጥር ስለሚያስነካ ለመመርመር ይቀላል። ከስፌት በኋላም ያው ነው። በሰዓቱ ማስታገሻ እየወሰደ ያለ ሰው ሕመም ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ መሄድ አለበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተመልሶ ከጨመረ፣ ትኩሳት ከተከተለ፣ ቁስሉ ከቀላና ፈሳሽ ካመጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ አንድ ባት ብቻውን አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ክኒን መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል መመለስ ነው።